ለሚያሳክክ ቆዳ የትኛው ዘይት ይሻላል? ዘይት የማይሠራውስ መቼ ነው?

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም ደሴ ላይ የብዙ ሰው ቆዳ ይነጣል። ቅልጥም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። ማታ አልጋ ውስጥ ገብተን ገላችን ሞቅ ሲል ደግሞ ማሳከኩ ይጀምራል። ያኔ ሁሉም የየራሱ መድኃኒት አለው። አንዱ የጉሎ ዘይት ይቀባል። ሌላው ጥቁር አዝሙድ ይላል። ሌላዋ ከፋርማሲ የኮኮናት ዘይት ትገዛለች። የወጥ ቤቱን ዘይት አንስቶ የሚቀባም አይጠፋም። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ አንዱ ጠርሙስ ለችፌም፣ ለጭርትም፣ ለፎረፎርም፣ ለማድያትም ይሆናል ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት አለበት። የዕፅዋት ዘይት የሚያሳክክ ቆዳን በእርግጥ ያስታግሳል። የሚያስታግሰው ግን በዋናነት ከድርቀት የሚመጣውን ማሳከክ ነው። ዘይት ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ያባብሳል። የሚቀባበት ሰዓትም ከዘይቱ ዓይነት ያላነሰ ለውጥ ያመጣል።

ለመሆኑ ቆዳ ለምን ያሳክካል?

እ.ኤ.አ. በ1660 ሳሙኤል ሃፈንሬፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ማሳከክን ሲተረጉም፣ የመፋቅ ፍላጎት የሚቀሰቅስ ደስ የማይል ስሜት ነው አለ። ሐኪሞች ዛሬም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ስሜቱን ወደ አንጎል የሚያደርሱት በቆዳችን ላይኛው ክፍል የሚያልቁ በጣም ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። ነርቮቹን የሚቀሰቅሳቸው ነገር ብዙ ነው። ትንኝ ስትነክሰን ሰውነታችን የሚለቀው ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር አንዱ ነው። የደረቀ ቆዳ ማሳከክ ግን በአብዛኛው ከሂስታሚን ጋር አይገናኝም። ለአለርጂ የሚሰጠው ኪኒን ለደረቅ ቆዳ ብዙም ጠብ የማይልለት ለዚህ ነው።

ታዲያ ሲደርቅ ምን ይሆናል? የቆዳችን የመጨረሻው ሽፋን በጣም ስስ ነው። በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው፤ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ወይም ሃምሳኛ። ይህን ሽፋን የድንጋይ ግንብ አድርጋችሁ አስቡት። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ የሆኑ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የሚባሉ ቅባቶች ተደባልቀውበታል። ግንቡ ከውስጥ ውሃችንን ይይዛል። ከውጭ ደግሞ ሳሙናው፣ አቧራውና ጀርሙ እንዳይገባ ይከላከላል። ጭቃው ታጥቦ ሲያልቅ ግንቡ ይከፋፈታል። ውሃው ይተናል፣ የሚያስቆጣው ነገር ሁሉ እስከ ነርቮቹ ይዘልቃል። ያኔ ያሳክካል።

ከዚያ ጥፍር ይመጣል። ስንፍቀው ለጊዜው ዝም ይላል፤ መፋቁ የሚፈጥረው ቀላል ሕመም ማሳከኩን ስለሚሸፍነው ነው። ነገር ግን ጥፍሩ ግንቡን የባሰ ይንደዋል። የተናደው ቆዳ ይቆጣል፣ የተቆጣው መልሶ ያሳክካል። ችፌ ያለበትን ልጅ የክርኑን መታጠፊያ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆዳው ወፍሯል። መስመሮቹ ጎልተው ወጥተዋል። ዙሪያው ጠቁሯል። አንዳንድ ወላጅ ይህን ጥቁረት እድፍ መስሎት በሻካራ ጨርቅ ያሸዋል። እባካችሁ አታሹት፤ እድፍ አይደለም። ሲፋቅ የከረመ ቆዳ ነው የወፈረውና የጠቆረው። ማሸት ደግሞ ሌላ መፋቅ ነው።

ደሴ ላይ ለምን ይብሳል? ኮምቦልቻስ?

ደሴ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት መሸከም አይችልም። በጋ ላይ ደግሞ ዝናብ የለም። አየሩ ሲደርቅ ከቆዳችን ውሃ ይስባል። ቤት ውስጥ ከሰል ስናያይዝ ክፍሉ ይሞቃል እንጂ እርጥበት አያገኝም። በዚያ ላይ ብርድ ነውና ገላችንን በሚፋጅ ውሃ መታጠብ ይጥመናል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ደግሞ በሕዋሳቱ መሃል ያለውን ስብ አብረው ያጥቡታል። ጤናማ ቆዳ በትንሹ አሲድነት አለው፤ ፒኤች የሚባለው ልኬቱ 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። የልብስ ሳሙና ለገላ የሚጠቀም ሰው ቢያሳክከው አይገርምም።

እጅና እግርን ደጋግሞ ማጠብም አለ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው፣ ልብስ አጥባ የምታድር እናት፣ ሊጥ አቡክታ እጇን የምትታጠብ ሴት፣ ሁሉም አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። በቆዳው ላይ የቀረው ውሃ ሲተን የቆዳውን እርጥበትም ይዞ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ መታጠብ በኋላ እጅን አደራርቆ፣ ገና ነጠብጣቡ ሳይጠፋ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ማሸት ብዙ ያድናል።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። እዚያ ቀትር ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳክከው ላብ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቱታ ለብሶ የሚውል ሰው አንገቱ፣ ደረቱና ወገቡ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። ይጠዘጥዛል፣ ይለበልባል። የላብ መውጫ ቀዳዳ ሲደፈን የሚመጣ ነው። ለዚህ ዘይት መቀባት ስህተት ነው፤ ቀዳዳውን የባሰ ይደፍነዋል። የሚሻለው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስና ነፋስ ማግኘት ነው። ደሴ ያለች እናት የጠቀማትን ዘይት ኮምቦልቻ ላለ ልጇ ከመላኳ በፊት ይህን ብትጠይቀው ጥሩ ነው፤ ደርቆ ነው ወይስ አልቦህ?

ዘይቱ ቆዳ ላይ ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ዘይት ለቆዳ ውሃ የሚሰጥ ይመስለዋል። ዘይት ውስጥ ግን ውሃ የለም። የሚሠራው ከላይ ተነጥፎ ያለውን ውሃ እንዳይተን መያዝ ነው። በሕዋሳቱ መሃል የተከፈተውንም ክፍተት ሞልቶ ሻካራውን ያለሰልሳል። ስለዚህ ያለውን ያቆያል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ደረቅ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሰው ድርቀቱን ነው የሚከድነው። «ተቀብቼ ብውልም ያው ነው» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የሳቱት።

ትክክለኛው አቀባብ እንዲህ ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሳሙናውን ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር አድርጉት፤ ቅልጥምና ክንድ በየቀኑ ሳሙና አይፈልግም። ስትወጡ ፎጣውን አትፈትጉት፤ መታ መታ አድርጋችሁ ብቻ አድርቁ። ቆዳው ገና እርጥበት ሲኖረው፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ዘይቱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አሙቁትና ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ቀቡት። ወደ ላይ እየፈተጉ መቀባት የፀጉር ሥሮችን ያስቆጣል። መጠኑም ትንሽ ነው፤ ለሁለቱ ቅልጥም አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚጠጣው አንሶላው ነው። ማታ ማታ መቀባት ግድ ነው፤ ጠዋት መድገም ደግሞ ይመከራል።

እዚህ ላይ ቫዝሊንን ሳላነሳ ባልፍ ደግ አይሆንም። ቫዝሊን የዕፅዋት አይደለም፤ ከነዳጅ ነው የሚጣራው። በዚህ ምክንያት የሚሸሹት ሰዎች አሉ። ነገር ግን በደንብ የተጣራው ቫዝሊን ቆዳን አይጎዳም፣ ውሃን በመያዝም ከየትኛውም የዕፅዋት ዘይት ይበረታል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ እኔ ብጠየቅ እሱን ነው የምመክረው፤ ማታ ተቀብቶ ካልሲ ለብሶ ማደር። ግሊሰሪን ደግሞ ሌላ ነው። ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ሳይበረዝ ከተቀቡት በደረቅ አየር ውሃውን ከቆዳችን ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በውሃ በርዞ መቀባት፣ ከላዩ ላይ ዘይት መደረብ ነው።

ታዲያ የትኛውን ዘይት ልግዛ?

ዘይቶችን የሚለያያቸው ውስጣቸው ያለው ፋቲ አሲድ ነው። ለቆዳ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል፤ ሊኖሌይክ አሲድና ኦሌይክ አሲድ። ሊኖሌይክን ሰውነታችን ራሱ መሥራት አይችልም። ቆዳ ግን ሴራማይድ ለመሥራት ይፈልገዋል። ስለዚህ ሊኖሌይክ የበዛበት ዘይት የቆዳን ስብ ይደግፋል። ኦሌይክ በተቃራኒው የስቡን አደራደር ያላላል። እንዲያውም መድኃኒት በቆዳ በኩል እንዲሰርግ ሲፈለግ ኦሌይክ አሲድ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ለጤናማ ቆዳ ይህ ብዙም አያሳስብም። ለተጎዳ ቆዳ ግን ያሳስባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በሰው ክንድ ላይ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ 19 አዋቂዎች ነበሩ። ለሳምንታት የወይራ ዘይት የተቀባው ክንድ ሽፋኑ ሳስቶ ቀላል መቅላት ታየበት። የሱፍ አበባ ዘይት የተቀባው ግን ሽፋኑ አልተነካም፣ እርጥበቱም ተሻሽሏል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም ከዘይቶቹ ይዘት ጋር ስለሚስማማ ብዙ የቆዳ ባለሙያዎች ለችፌ የወይራ ዘይትን አይመክሩም። በውድ ገዝተን ለሕፃን የምንቀባው የወይራ ዘይት ምርጫችን ሊሆን አይገባም።

የሱፍ አበባ ዘይት እንግዲህ ጥሩ መነሻ ነው። በቀላሉ ይገኛል፣ ሽታ የለውም። ጠርሙሱ ላይ «ሃይ ኦሌይክ» የሚል ካለ ግን ተዉት፤ እሱ ኦሌይክ እንዲበዛበት ከተዳቀለ ዘር የተጨመቀ ነው።

የእኛው ኑግም አለ። ኑግ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ነው፤ የዘይቱ 70 በመቶ ገደማም ሊኖሌይክ ነው። በይዘቱ ከሱፍ አበባ ጎን የሚሰለፍ ነው። ለቆዳ ስትገዙት አዲስ የተጨመቀና የተጣራ ይሁን። ዝቃጭ ያለበት፣ የቆየ፣ ጠረኑ የተለወጠ ኑግ ግን ቆዳ ያስቆጣል። ሊኖሌይክ የበዛበት ዘይት ሁሉ በፀሐይና በአየር ቶሎ ይበላሻል። በትንሽ ጠርሙስ ግዙ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ከመስኮት አርቁት። መደርደሪያ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ጠርሙስ ካያችሁ አትግዙ። ተልባ ከዚህም የባሰ ቶሎ ይበላሻል፤ ለመብላት እንጂ ለመቀባት አይመችም።

የኮኮናት ዘይት ሌላ ዓይነት ነው። ሊኖሌይክ ብዙም የለውም። ግማሹ ገደማ ሎሪክ አሲድ ሲሆን፣ ሎሪክ ችፌን የሚያባብሰውን ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፒንስ ውስጥ ችፌ ባለባቸው 117 ልጆች ላይ ለ8 ሳምንት በተደረገ ጥናት፣ ያልተጣራው የኮኮናት ዘይት ከነዳጅ ከሚገኘው የማዕድን ዘይት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ ስሙ በከንቱ አልወጣም። ደሴ ላይ ግን አንድ ነገር ሰዉን ያደናግራል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል። በደሴ ብርድ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይጠጥራል፣ ቢገለብጡት አይወርድም። ተጭበርብሬያለሁ ብሎ የሚመልስ ሰው አለ። አልተጭበረበረም፣ አልተበላሸም። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ነው፤ ወይም በማንኪያ ጫፍ ቆንጥሮ መዳፍ ላይ ማቅለጥ። ያው ጠርሙስ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ሲደርስ ራሱ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል።

የጉሎ ዘይት ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው። 90 በመቶ ገደማ ሪሲኖሌይክ የሚባል ፋቲ አሲድ ነው። እንደ መክደኛ ጥሩ ይሠራል፤ ብቻውን ስለሚከብድ በሱፍ አበባ ዘይት ቢበረዝ ይሻላል። ግን ከፋብሪካ የወጣውን ብቻ ተጠቀሙ። የጉሎ ፍሬ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለው። በአግባቡ የተጨመቀና የተጣራ ዘይት ውስጥ መርዙ አይገባም፤ ቤት ውስጥ ፍሬውን ወቅጦ መቀባት ግን አደገኛ ነው፣ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት።

ሰሊጥ ሊኖሌይክና ኦሌይክ ተቀራራቢ መጠን አለው፤ መሃል ሰፋሪ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ብዙዎቻችን ሐበተ ሰውዳ የምንለው፣ ታይሞኩዊኖን የሚባል ቁጣን የሚያበርድ ንጥረ ነገር አለው። ግን ሳይበረዝ ሲቀቡት አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ያስቆጣዋል፤ ቆዳቸው የቆሰለም አሉ። የሚጠቀም ሰው በሌላ ዘይት አብዝቶ ይበርዘው። ሰናፍጭና ለምጣድ ማሰሻ የምናውቀው ጎመን ዘር ግን ለሚያሳክክ ቆዳ አይሆኑም። አፍንጫን የሚሰነፍጠው ንጥረ ነገራቸው ቆዳንም ያቃጥላል። የሚረጋው የፓልም ዘይትስ? ይከድናል፤ ነገር ግን ለቆዳ የሚመረጥበት ምክንያት የለም። የተጠበሰበትን ዘይት ደግሞ ፈጽሞ አትቀቡ።

የባሕር ዛፍና የቲ ትሪ ጠብታዎችስ?

በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡት የባሕር ዛፍ፣ የቲ ትሪ፣ የላቬንደርና የናና ዘይቶች ስማቸው ዘይት ይሁን እንጂ ስብ አይደሉም። ከተክሉ የወጣ የተከማቸ ጠረን ናቸው። ውሃ አይዙም፣ ግንቡን አይጠግኑም። ናና ውስጥ ያለው ሜንቶል የቅዝቃዜ ስሜት ሰጥቶ ማሳከኩን ለጥቂት ጊዜ ያዘናጋል፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ማድረግም ይህንኑ ይሠራል፣ ያለ ወጪና ያለ ጉዳት። እነዚህ ጠብታዎች እንዲሁ ቆዳ ላይ መፍሰስ የለባቸውም። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ 3 ጠብታ ሲደረግ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ለአዋቂ ከዚያ ባይበዛ ይሻላል። ለሕፃን አይቀቡም። ከልጆች እጅም ይራቁ፤ ትንሽ የባሕር ዛፍ ዘይት የዋጠ ሕፃን በሰውነት መንቀጥቀጥ ሊወድቅ ይችላል።

ተፈጥሯዊ ከሆነ ምን ይጎዳል?

ሰው ጠርሙሱ ላይ «100 በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ሲያይ ልቡ ያርፋል። ሳማም ተፈጥሯዊ ነው። ማንኛውንም አዲስ ዘይት መላ አካል ላይ ከማፍሰስ በፊት ክንዳችሁ ውስጠኛው በኩል፣ የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ቀብታችሁ ጠብቁ። ጠዋትና ማታ እየደጋገማችሁ እስከ ሦስት ቀን ሞክሩት፤ አለርጂ ብዙ ጊዜ ወዲያው ሳይሆን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚወጣው። ከቀላ ወይም ካሳከከ ያ ዘይት የእናንተ አይደለም።

የባሰው ግን ዘይት ተብሎ የሚሸጥ ዘይት ያልሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ውስጥ የዕፅዋት ቅባት እየተባሉ ለቆዳ ሕመም የተሰጡ 11 ክሬሞች ሲመረመሩ፣ 8ቱ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ተገኝቶባቸዋል። ስቴሮይድ ቁጣንና ማሳከክን ቶሎ ያበርዳል፤ ሐኪም ሲያዝዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ሳያውቁት ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ጭርትንም ያስፋፋል። ስለዚህ የተሠራበትን የማይናገር፣ ግን የስንት ዓመት ማሳከክ በሁለት ቀን ድራሹን የሚያጠፋ «ዘይት» ካጋጠማችሁ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት ጠርጥሩ።

እሳትም አለ። ዘይት የጠጣ ፒጃማና አንሶላ በቀላሉ ይያያዛል፤ ታጥቦም ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ተቀብታችሁ ከሰል አጠገብ ስትቀመጡ ይህን አትርሱ። ልጆችን ደግሞ ጨርሶ አታስጠጉ።

ለሕፃናትስ?

ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዳካ ከተማ ባለ ሆስፒታል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሱፍ አበባ ዘይት ይቀቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት፣ የተቀቡት ሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የሚይዝ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው በ41 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። ግንቡ ገና ላልተገነባ ቆዳ ዘይት ምን ያህል እንደሚረዳ ከዚህ ይታያል። በሌላ በኩል ጤነኛ ሕፃንን ችፌ እንዳይዘው ብሎ በየቀኑ መቀባት የታሰበውን ያህል አልሆነም። እንግሊዝ አገር 1,394 ሕፃናትን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ የመጀመሪያውን ዓመት በየቀኑ ቅባት መቀባት ችፌን እንዳልተከላከለ አሳይቷል። እንግዲህ ቆዳው ከደረቀ ቀቡት፤ ካልደረቀ ደግሞ አያስፈልገውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ችፌ ያለበት፣ ቆዳው የተላጠ ሕፃን ላይ የሰሊጥና የኦቾሎኒ ዘይት አትቀቡ። የምግብ አለርጂ በተጎዳ ቆዳ በኩል ሊጀምር እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እትብቱ ላይም ዘይት አይደረግም።

ዘይት የማይሠራላቸው የትኞቹ ናቸው?

እዚህ ጋ ነው ሰው ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚያባክነው። የመጀመሪያው እከክ ነው። እከክ ከድርቀት ሳይሆን ቆዳ ውስጥ ሰርስራ ከምትገባ፣ በዓይን ከማትታይ ተባይ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ማግስት በአማራ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። መለያው ግልጽ ነው። ሌሊት ይብሳል፤ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይወጣል፤ ከቤቱ ሌላም ሰው ያሳክከዋል። ዘይት አይገድላትም። ፐርሜትሪን 5 በመቶ፣ ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት ሎሽን) ወይም የድኝ ቅባት ነው መድኃኒቱ፤ እንደየሰዉ ዕድሜ ባለሙያ ይመርጣል። ከሁሉ በላይ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከም አለበት። የመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ማሳከኩ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ደህና የሚመስለው ሰው ተባዩዋን ይዞ ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ ማከም ከንቱ ልፋት ነው። አንሶላና ልብሱም በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ቢያንስ 3 ቀን ይቀመጣል።

ሁለተኛው ፎረፎር ነው። ራስ ቅል ሲያሳክክና ሲረግፍ ደርቋል ብለን ዘይት እናፈሳለን። ፎረፎር ውስጥ እጁ ያለበት ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ደግሞ የሚኖረው በስብ ነው። አብዛኛዎቹ የዕፅዋት ዘይቶች ለእሱ ቀለብ ናቸው። ቅርፊቱን ለማላላት ጥቂት ቀብቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥቦ ማውጣት አይከፋም፤ ለቀናት ማክረም ግን ማባባስ ነው። ለዚህ የሚሠራው ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ነው። ቋቁቻም የዚሁ ፈንገስ ሥራ ነው። ክብ ሆኖ ጠርዙ የሚጎላው ጭርትም የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ሽፍታ ሳይኖር መላ አካልን የሚያሳክክ ነው። ቆዳው ደህና ሆኖ፣ ተቀብተውም ለሳምንታት ካልተወ ምክንያቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ የታይሮይድ ዕጢና የብረት ማነስ ሁሉ ያሳክካሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ክብደት ከቀነሰ አትቆዩ። ነፍሰ ጡር ሆና በመጨረሻዎቹ ወራት መዳፏንና የእግሯን ሥር፣ በተለይ ሌሊት፣ የሚያሳክካት እናት ደግሞ በዚያው ቀን ትታይ። የሐሞት ፍሰት ሲታወክ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለፅንሱም አደጋ አለው።

ሐኪም ጋ መቼ ልሂድ?

ሁለት ሳምንት በትክክል ተቀብታችሁ ለውጥ ከሌለ፣ እንቅልፍ ካሳጣችሁ፣ ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ከያዘ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሂዱ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከቀድሞው የሥጋ ደዌ ሕክምናው ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። የሥጋ ደዌን ካነሳን አይቀር፣ የማያሳክክ ግን ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም የቀላ ቦታ ቆዳችሁ ላይ ካያችሁ ዘይት እየቀባችሁ አትጠብቁ፤ በጊዜ ሲታከም ይድናል።

በምትሄዱበት ቀን ቆዳችሁን ምንም አትቀቡት። ሐኪሙ ቅርፊቱን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ሊፈልግ ይችላል፤ ዘይት የጠጣ ቅርፊት ፈንገሱን ለማየት ያስቸግራል። የምትቀቡትን ጠርሙስ ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስም የሌለውንም ጭምር። ከማን እንደገዛችሁት፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደቀባችሁት፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው እንዳለም ንገሩት።